ጨርሰው ይንገሩኝ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲባል በመጠኑ የተስተካከለ)



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ከሕክምና ውጭ በሆነ ነገር ላይ ትንሽ ተናገሪልን» ሲለኝ ደስ አለኝ። «ስለ ፊልም ሠሪዎች ልናገር» ስል ግን ስልኩ ለአፍታ ዝም አለ። ምናልባት ስለ አትክልት ወይም ስለ እግር ጉዞ ጠብቀው ይሆናል። ለማንኛውም ፈቅደውልኛል፤ እንግዲህ ጥፋት ከሆነ እንካፈለዋለን።

እኔ ፊልም አልሠራም። ካሜራ የምይዘው ልደት ላይ ነው፤ እሱንም የሰው ጭንቅላት እየቆረጥኩ ነው የማነሣው። የምወደው ማዳመጥ ነው። ከትልልቅ ኩባንያ ገንዘብ ሳይወስዱ በራሳቸው መንገድ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ሐሳቡ ከየት መጣላችሁ፣ ማን አስተማራችሁ፣ ለምን ይህን ያህል ዓመት ፈጀባችሁ ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱትን ማታ ማታ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ባለቤቴ «ሌላው ሰው ፊልሙን ያያል፣ አንቺ ወሬውን ታያለሽ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ከሁሉም ደጋግሜ የምመለስባቸው ግን አንድ ሰው ናቸው፤ የጎንደሩ ኃይሌ ገሪማ። ዓመተ ምሕረቶቹን በፊልም መዛግብት እንደሚገኙት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለምጠራ ሒሳቡን ለእናንተ እተዋለሁ።

እኛ ጎንደር ሰባት ዓመት ኖረናል። ፒያሳ ሻይ ጠጥተናል፣ ፋሲል ግቢ አጥር ሥር ለፈተና አጥንተናል፣ ለአዘዞ ታክሲ ተጋፍተናል። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1954 በሩን ሲከፍት ኃይሌ ገሪማ በዚያችው ከተማ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ይህን ያወቅሁት ከተመረቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አባታቸው «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። ስለ አርበኞች ተውኔት ይጽፉ፣ ያዘጋጁም ነበር፤ ልጃቸውም በአባታቸው መድረክ ላይ ተጫውተዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ ምሽት ላይ እሳት ዳር የሴት አያት ተረት አለ። ኃይሌ ማን አስተማረዎት ሲባሉ ከፊልም ትምህርት ቤት አስቀድመው የሚጠሩት ያንን እሳት ነው። ተረቱ ከመጀመሪያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ መጨረሻ አይሄድም፤ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ የሚያዳምጠው ልጅ ጣልቃ ሲገባ ሌላ መንገድ ይይዛል። ፊልሞቻቸው የተሠሩት በዚያ አካሄድ ነው።

ከተማው ውስጥ ግን ሌላ የተረት ቤትም ነበረ፤ ሲኒማ ቤቱ። እዚያ የሚታየው የሆሊዉድ ፊልም ነው። ኃይሌ ራሳቸው እንደሚያወሩት የጎንደር ልጆች ከፊልሙ ወጥተው ተራራው ላይ ካውቦይና ኢንዲያን ይጫወታሉ። ታርዛንን አፍሪካውያን ከኋላ ሲያደቡበት ልጆቹ መጡብህ እያሉ ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮሃሉ። ጥቁር ልጆች፣ ያውም የአርበኛ አገር ልጆች፣ ለታርዛን!

መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ከዚያ የእኛ መማሪያ መጻሕፍት ትዝ አሉኝ። በረዶ ሲጠርግ ደረቱን ስላመመው ሰውዬ ስንት ጊዜ አጥንተናል! ያንን ሰውዬ ከነምልክቱ በቃላችን እናውቀዋለን። ጎንደር ላይ በረዶ የሚጠርግ ሰው መጥቶልን አያውቅም። ከደንቢያ በቃሬዛ የመጣው ገበሬ «ደረቴን ቆረጠኝ፣ ወጋኝ፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጀርባዬ ሄደ» ሲለን ግን ያ በየትኛው ገጽ እንዳለ ስንፈልግ እንቆያለን። እኛም በራሳችን መንገድ ለታርዛን ጮኸናል ማለቴ ነው።

ኃይሌ በ1967 ቲያትር ሊማሩ ቺካጎ ሄዱ፤ በ1970 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ዩሲኤልኤ ገቡ። እዚያ የተሰባሰቡት ጥቁር ተማሪዎች ኋላ «የሎስ አንጀለስ አመፅ» የሚል ስም ወጣላቸው። የእኛው ሰው ተሾመ ገብርኤልም የፊልም ንድፈ ሐሳብ ያስተምሩ የነበረው እዚያው ነው። ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ፊልሞችንና ጽሑፎችን ያያሉ፣ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ። ኩባዊው ኹሊዮ ጋርሲያ ኤስፒኖሳ በ1969 እንከን ስላለበት ሲኒማ የጻፉት ነበረ፤ ንጹሕና የተወለወለ ፊልም ሁሉ እውነተኛ አይደለም፣ ድሀ አገር የሀብታሙን ልሙጥነት ልቅዳ ብሎ መድከም የለበትም የሚል ሐሳብ አለው። ኃይሌ ይህን ወደ ራሳቸው ቋንቋ መልሰው ቅላጼ ይሉታል። ጎንደሬ ሲናገር ጎንደሬነቱ ይታወቃል፤ ፊልሙም እንደዚያ የሠሪው ቅላጼ ሊሰማበት ይገባል ነው ነገሩ።

«ቡሽ ማማ» የዚያ የተማሪነት ዘመን ሥራ ነው። ካሜራ ከያዙላቸው አንዱ የክፍል ጓደኛቸው ቻርልስ በርኔት ነበሩ፤ እኚህም «ኪለር ኦፍ ሺፕ» የተባለውን የራሳቸውን ፊልም ቅዳሜና እሑድ እየቀረጹ ከ10,000 ዶላር ባነሰ ወጪ የጨረሱ ናቸው። «ቡሽ ማማ» ሲከፈት ፖሊሶች ጥቁር ወጣቶችን አስቁመው ሲፈትሹ ይታያል። ትወና አይደለም። ፖሊስ የቀረጻ ቡድኑን ራሱን አስቁሞ ሲፈትሽ ካሜራው እየሠራ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራ አስፈታን ብሎ ያንን ቆርጦ ይጥለው ነበር። እሳቸው ግን መክፈቻ አደረጉት። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በ1974 ንጉሡ ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ነው የፈጀው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚጫወቱት ሰዎችም ሙያተኛ ተዋንያን አይደሉም። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ እኔማ የመጀመሪያ ቀን እንቅልፍ ወስዶኛል፣ አልዋሽም። ገበሬው ያርሳል፣ ያርሳል፣ ያርሳል። ባላባቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን አንድ ሰው ያዘኝ፤ ከበበ የሚባለው። ጣሊያንን የተዋጋ፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ አገሩ እብድ የሚለው ሰው ነው። በመንደሩ ውስጥ ሆነውን ነገር ሁሉ በትክክል የሚያውቀውና የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። እብድ ስለተባለ ማንም አይሰማውም። ስንቱን ሰው እኛስ ካርድ ላይ በአንዲት ቃል ዘግተነዋል!

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንደማወራችሁ ልናገር።

ከተመረቅሁ በኋላ ተመድቤ በሠራሁበት ቦታ አንዲት እናት ራሴን አመመኝ ብለው መጡ። ሃምሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው። ግንባራቸውን በሻሽ ጥብቅ አድርገው አስረዋል። «ምን ሆኑ እማማ?» አልኳቸው። «ልጄ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ…» ብለው ጀመሩ። ከበሩ ውጭ ወረፋው እስከ አጥሩ ደርሷል። «እሱን ይተዉትና፣ የሚያምዎት የትኛው ጎን ነው?» አልኩ። ግፊታቸውን ለካሁ፤ ደህና ነው። ማስታገሻ ጻፍኩላቸው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ። «ልጄ ከሄደች ወዲህ…» አሉ አሁንም። የልጅ ናፍቆት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ካርዳቸውም ላይ ጭንቀት ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛ ጊዜም መጡ፤ ሦስተኛ ጊዜም ያንኑ አደረግሁ።

አራተኛ የመጡት በቃሬዛ ነው፤ በማለዳ፣ ራሳቸውን ስተው። አብራቸው የምትተኛው የልጅ ልጃቸው ሞታ ነበር የተገኘችው።

እሳቸው ተረፉ። በሦስተኛው ቀን ታሪኩን ለአንዲት ነርስ ጨርሰው ነገሯት። ልጃቸው ዐረብ አገር ስትሄድ ለደላላ የተከፈለ ብድር ነበረ። ብድሩን ለመክፈል ዋናዋን ክፍል አከራዩ፤ እሳቸውና ሕፃኗ ማድ ቤት ገቡ። ማድ ቤቷ መስኮት የላትም። ብርድ ሲሆን ከሰሉን ሳያጠፉ በሩን ዘግተው ይተኛሉ። ጠዋት ጠዋት ራስ ምታት። ለሐኪም ከዚህ የበለጠ ምን ይነገራል? ሁሉም ነገር «ልጄ ከሄደች ወዲህ» ከሚለው ቀጥሎ ነበረ፤ እኔ ሦስት ጊዜ ቆረጥኩት። ነርሷን ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው አልኳት። «ምንም። ሻይ ይዤላቸው ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ» አለችኝ።

ወረፋ ነበረ፤ አዎ። ድካምም ነበረ። በ1984 ቤክማንና ፍራንከል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግር ቀድተው ነበር። ሐኪሙ በአማካይ በ18ኛው ሰከንድ ጣልቃ ይገባል። ዝም ተብለው እንዲጨርሱ ከተፈቀደላቸው መካከል ከ150 ሰከንድ በላይ የወሰደ አንድም አልነበረም። ሁለት ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። ለክፍላችን ልጆች ይህን ቁጥር በነገርኩ ቁጥር ያቺ ማድ ቤት ትታየኛለች።

«ጤዛ»ን ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ ከአዳር ተረኛነት ወጥቼ፣ በላፕቶፕ። ዋናው ሰው አንበርብር ሕክምና ሊማር ጀርመን የሄደ ነው፤ የሙያ ባልደረባችን በሉት። አንድ እግሩን አጥቶ፣ ትዝታው ተበታትኖ ጣና አካባቢ ወዳለችው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ፊልሙ የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ ከመጨረሻው። ከዚያ ልጅነቱ ይመጣል፣ ጀርመን ይመጣል፣ በደርግ ጊዜ ያየው ይመጣል፣ እንደገና ልጅነቱ። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ተናድጄ ነው ያየሁት። በውስጤ «ቺፍ ኮምፕሌይንቱ ምንድን ነው? ኦንሴቱስ መቼ ነው?» እላለሁ። ሂስትሪ ልወስድበት አማረኝ። መንደርተኛው ጠበል ይወስደዋል፣ እናቱ ታበላዋለች፣ ማንም ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን አይለውም። ነገሩ በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ቅደም ተከተል ይወጣል። የእግሩን ነገር የምናውቀው ፊልሙ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው። ያኔ እኛም ለመስማት ደርሰናል። ቀድመን ብንሰማው ኖሮ ጉዳት ብቻ ይሆን ነበር።

ይህን ፊልም ለመሥራት 14 ዓመት ፈጅቷል። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ አግኝቷል። 14 ዓመት ስላቸው ጓደኞቼ «ገንዘብ አጥቶ ነዋ!» ይላሉ። ገንዘብ ማጣቱ አለ። ግን ሌሎቹንም ስሰማ ተመሳሳይ ነገር አገኛለሁ። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ»ን ለአሥር ዓመት ያህል እየተመላለሰች ነው የቀረጸችው። ከአገር የወጣችው በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ነው፤ አያቷን ልትጠይቅ ስትመለስ ጫት የልጅነት አገሯን እንዴት እንደለወጠው አየች። ካሜራውን የያዘችው ራሷ ናት። ሰዎቹ ጋር ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። ሰላም መኩሪያ ደግሞ «የወንዝ ማዕበል»ን ሲሠሩ የተነሡት ከገዛ ቤታቸው ነው፤ ደብዛው ከጠፋው ወንድማቸውና ከተገደለችው የቅርብ ጓደኛቸው። ስለ ቀይ ሽብር ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ እህት ሆኖ የሚጠይቅ ፊልም ግን ያየሁት የሳቸውን ነው።

ከኃይሌ ጋር በሁሉም ነገር አልስማማም። ሆሊዉድን የሚጠሉትን ያህል እኔ አልጠላውም፤ ሕንድ ፊልም ያሳደገኝ ሰው ነኝ፣ ያስለቀሰኝን ሁሉ ጠላቴ ነው ማለት አልችልም። አንዳንዴም ፊልሞቻቸው ውስጥ ሰዎቹ እርስ በርስ ከመነጋገር ይልቅ ለእኛ ንግግር የሚያደርጉ ይመስለኛል። በአንድ ነገር ግን እጅ ነሥቻለሁ። «ሳንኮፋ» በ1993 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልላቸው አጡ። እንግዲህ ምን ያደርጋሉ? ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ራሳቸው ተከራይተው አሳዩት። ሕዝቡ መጣ፤ ከዚያ ከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። ለዓመታት ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ከባለቤታቸው ከፊልም ሠሪዋ ከሺሪኪያና አይና ጋር ሳንኮፋ የሚባል መጽሐፍ ቤት ከፍተዋል። ዲሲ የምትኖሩ አባላት ታውቁታላችሁ፤ ቡናም አለ። የሲኒማ አካዳሚው ሙዚየም በ2021 ሲከፈት የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት የሰጠው ለእሳቸው ነው። ታሪካቸውን ሌላ ሰው መጥቶ እንዲነግርላቸው አልጠበቁም።

እና ወደ እኛ ልምጣ። ይህ አዳራሽ ውስጥ አንበርብሮች አሉ። የዚያን ዘመን ጎንደርን በነጭ ጋዋን ውስጥ ሆናችሁ ያያችሁ፣ ሌሊት ማንን እንዳከማችሁና ማንን ማከም እንዳልተፈቀደላችሁ የምታውቁ መምህራን አላችሁ። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህራችን በራውንድ መሐል አንድ አልጋ ፊት ቆሙና «በዚያን ጊዜ እዚህ አልጋ ላይ…» ብለው ጀመሩ። ስምንት ነበርን። አንዳችን ማስታወሻ ገለጠ፣ አንዳችን ሰዓቱን አየ። እሳቸው አዩን። «ቀጥሉ፤ የሚቀጥለው በሽተኛ» አሉ። ያ አልጋ ላይ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። መምህራችን ባለፈው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ቤት የጠየቅናቸው ልጆቻቸውም አያውቁም።

ስለዚህ ኮሚቴውን አንድ ነገር ለምኜ ፈቅዶልኛል። ከአዳራሹ ጀርባ፣ በሻይ ቤቱ በኩል ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ አንድ ካሜራና ሁለት ወንበር አለ። ካሜራውን የያዙት ሁለት የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ቀረጻው የሚቀመጠው በማኅበሩ ቤተ መዛግብት ነው፤ ያለ ተናጋሪው ፈቃድ ለማንም አይሰጥም፣ «ከሞትኩ በኋላ» የሚል ካለም እንደ ቃሉ ይቆያል። ልጆቹን ትናንት አሠልጥኛቸዋለሁ። ሥልጠናው አጭር ነበር፤ ሻይ አቅርቡ፣ ቁጭ በሉ፣ አፋችሁን ዝጉ። ከየት ልጀምር ለሚሉ ከፈለጉበት ይጀምሩ። ቢዞሩ፣ ቢመለሱ፣ ስልክ ቢደወልባቸው፣ የልጅ ልጅ ገብቶ ቢረብሽ ምንም አይቆረጥም። ቡሽ ማማን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ትናንት ማታ አንድ መምህራችንን እባክዎ መጀመሪያ እርስዎ ብያቸው ነበር። «እኔ ምን የሚወራ አለኝ ብለሽ ነው?» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና «ያቺ ክፍል በሯ ይዘጋል?» ብለው ጠየቁኝ።

ይዘጋል ጋሼ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደግሞ ልጆቹ እዚያው ናቸው።